በእህቱ ዕድሜ የበረረው ካፒቴን

ሰው ጤናው አብዝቶ የሚጠየቀው ወይ ሲወደድ ነው፣ ወይ ወንበሩ ሲፈለግ። ካፒቴኑ ስልሳ አራት ዓመት ከሞላው ወዲህ በአየር መንገዱ ኮሪደር ላይ ያገኘው ወጣት ረዳት አብራሪ ሁሉ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ "ካፒቴን፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እንቅልፍ ይወስድዎታል?" ይለዋል። "ደህና ነኝ" ሲላቸው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቅሬታ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። አንዱማ "ኧረ ይረፉ ካፒቴን፣ ሕይወት አጭር ናት" ብሎት፣ ካፒቴኑ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲሰድበው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ልጆቹ ላይ አይፈረድም። የአብራሪ ሥራ በተራ ነው። ማን መቼ እንደተቀጠረ የሚናገር አንድ ዝርዝር አለ፤ ከላይ ያለው ሲለቅ ከታች ያለው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፣ አለቀ። ችሎታም ዘመድም ተራ አያስቀድምም። ከላይ ያለው ደግሞ የሚለቀው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ ስልሳ አምስት ሲሞላው በሕግ፣ ወይ ከዚያ በፊት በሳጥን። ስለዚህ የካፒቴኑን የልደት ቀን ከሚስቱ ይበልጥ የሚያውቁት ረዳት አብራሪዎቹ ናቸው።

ካፒቴኑ ግን የመልቀቅ ሐሳብ አልነበረውም። የአብራሪዎች መጦሪያ ዕድሜ ከስልሳ አምስት ወደ ስልሳ ሰባት ከፍ ይበል የሚል ረቂቅ ሕግ ምክር ቤት ገብቷል። ማመልከቻውን የጻፈው እሱ ነው። የራሱን ጨምሮ የአስራ አንድ አንጋፋ ካፒቴኖችን ፊርማ ያሰባሰበውም እሱ ነው። ሕጉ ከልደቱ በፊት ከጸደቀ ሁለት ዓመት ይጨመርለታል፤ በማግስቱ ከጸደቀ ግን የወጣ አይመለስምና አበቃለት። አርባ አንድ ቀን ቀርቶታል።

በሥራ ቦታ "አባ ዝርዝር" ነው የሚሉት። አውሮፕላን ከመነሳቱም ከማረፉም በፊት አንዱ አብራሪ ከዝርዝር ያነባል፣ ሌላው ይመልሳል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ታያለህ፣ ትነካለህ፣ ከዚያ ትመልሳለህ። ካፒቴኑ ይህን ልማድ ቤቱ ድረስ ይዞት ገብቷል። በራቸው ላይ በፕላስቲክ የታሸገ ካርድ ተንጠልጥሏል። ከቤት ሲወጡ ሚስቱ ታነባለች፣ እሱ ይመልሳል።

"መስኮት?"

"ተዘግቷል።"

"ጋዝ?"

"ተዘግቷል።"

"ቁልፍ?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"ሚስት?"

"አለች።"

የመጨረሻዋን ሚስቱ ራሷ በእስክሪብቶ የጨመረቻት ናት፤ አንድ ቀን ዝርዝሩን ለብቻው አንብቦ፣ ለብቻው መልሶ፣ እሷን መታጠቢያ ቤት ትቷት ከሄደ በኋላ።

ሌላም አመል አለው። ነገር በተበላሸ ቁጥር ድምፁ ይረጋጋል። የአማቱ ጣሪያ የተደረመሰ ቀን ወሬውን ለቤተሰቡ የነገረው "ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ከፊታችን ትንሽ ንፋስ አለ" በሚልበት ድምፅ ነበር። ስለዚህ እሱ ሲጮህ ቤተሰቦቹ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ለስለስ ብሎ መናገር ሲጀምር ነው ጫማቸውን የሚፈልጉት።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንግባ። ካፒቴኑ ስልሳ አራት ዓመቱ አይደለም።

የአብራሪ ትምህርት ቤት ገና አስራ ስምንት ያልሞላውን አይቀበልም ነበር። እሱ ደግሞ ያኔ አስራ ስድስት እንኳ በቅጡ አልሞላውም፤ ግን ሰማይ ሰማይ እያየ ከደረጃ መውደቅ ከጀመረ ቆይቷል። ያዳነችው ታላቅ እህቱ ናት። የራሷን የልደት ወረቀት ይዛ፣ ወንድሟን በእጁ ጎትታ ማዘጋጃ ቤት ገባችና "ስሙን ተሳስታችሁ ጽፋችሁታል፤ ይኸው ወንድ ነው፣ እዩት" አለች። ጸሐፊው አየው። ወንድ ነው። ስሙን አስተካክሎ ቀኑን እንዳለ ተወው። እህትየው ዓመት ሙሉ ያለ ወረቀት ኖራ በኋላ ለራሷ ሌላ አወጣች። በወረቀት መንታ ሆኑ ማለት ነው። እናታቸው ነገሩን ስትሰማ "መንታ ወልጄ ነው እንዴ ያን ያህል ያመመኝ?" ብላ አለፈችው።

እንግዲህ አርባ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው በረራ ሁሉ በእህቱ ዕድሜ የተበረረ ነው። ሕጉ ሁለት ዓመት ይጨምርልኝ እያለ ሲሟገት በሆዱ የሚለው ሌላ ነው፤ "የምለምነው የራሴን ነው። አጥንቴ ገና ስልሳ ሦስት አልሞላም።" ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት የለ። በዚህ ስሌት እንቅልፉን ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር፤ ምድጃው እስኪመጣ ድረስ።

አንድ እሑድ እሱና ሚስቱ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ደረጃው ላይ ጭስ ተቀበላቸው። ወጥ ቤቱ ውስጥ የወተት ማሰሮው ከሰል ሆኗል፤ የመስኮቱ መጋረጃ ከግማሹ በታች የለም።

"ጋዝ ብዬ አንብቤልሃለሁ" አለች ሚስቱ።

"አንብበሻል።"

"ተዘግቷል ብለሃል።"

"ብያለሁ።"

"አይተኸው ነበር?"

ካፒቴኑ ጥፋተኛው የምድጃው ማብሪያ ነው ብሎ በማግስቱ አዲስ ገጠመለት። የድሮው ማብሪያ ምንም አልነበረበትም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የስድስት ወር ፈተናው ደረሰ። ፈተናው የሚሰጠው በሲሙሌተር ነው፤ መሬት ላይ ተተክሎ የሚወዛወዝ፣ መስኮቱ ላይ የውሸት ሰማይ የሚታይበት የአውሮፕላን አፍንጫ ማለት ነው። ሞተር አቃጠሉበት፣ አጠፋ። ንፋስ ለቀቁበት፣ ገራው። ለማረፍ እየወረዱ ሳለ አጠገቡ የተቀመጠው ረዳት አብራሪ ከዝርዝሩ ማንበብ ጀመረ።

"ጎማ?"

"ወርዷል" አለ ካፒቴኑ።

ረዳቱ የጎማውን መብራት አየ። ከዚያ በጣም፣ በጣም በረጋ ድምፅ "ካፒቴን፣ ጎማው አልወረደም" አለ።

እውነትም አልወረደም። ካፒቴኑ አውርድ ብሎ አላዘዘም። ማስጠንቀቂያው ከመጮኹ በፊት አዘዘ፣ ጎማው ወረደ፣ አውሮፕላኑም እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ መሬት ነካ። ኋላ የተቀመጠው ፈታኝ እስክሪብቶው ጠፍቶት ሲፈልግ ነበር፤ አልፈሃል ብሎ ፈረመ። ረዳት አብራሪውም ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በኮሪደሩ ሲያገኘው ስለ ጤናው የማይጠይቀው እሱ ብቻ ሆነ። ካፒቴኑን ያቃጠለው ይኼ ነው።

ልጁን ገና አላስተዋወቅናትም። አንድ ሴት ልጅ አለችው፣ እሷም እዚያው አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ናት። የወሩ ግማሽ በሆቴል ስለሚያልቅ ለምን ቤት እከራያለሁ ብላ ከእናት አባቷ ጋር ትኖራለች። አባትና ልጅ በአንድ ኮክፒት አይመደቡም፤ ደንቡ "የሥራ ሥነ ምግባር" ይላል፣ እውነቱ ግን አንድ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ እንዳይገባ ነው። ረዳት አብራሪ በቀኝ ይቀመጣል፣ ካፒቴን በግራ። ልጅቱ ቀኝ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። በዝርዝሩ ላይ ደግሞ ካፒቴን ለመሆን ቀጣይዋ ባለ ተራ እሷ ናት። አንድ ሰው ከላይ ቢለቅ ወደ ግራ ትሻገራለች። መጀመሪያ የሚለቀው ማን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ለስለስ ባለ ድምፅ "አባዬ፣ ወጣቶቹ ተወካይ አድርገው መርጠውኛል" አለች። እናቷ ድምፁን ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ አለች። "በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ስለ ሕጉ የምናገረው እኔ ነኝ።"

"ምን ብለሽ?"

"እንዳይጨመር ብዬ።"

"እኔ አቅቶኛል ልትያቸው ነው?"

"አላልኩም።"

"ሁለት ዓመት ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ የምታልፍ ናት!"

"ለአንተ ሁለት ዓመት ናት። አስራ አንዳችሁም ከቆያችሁ እኔ አርባ ዓመቴን ቀኝ ወንበር ላይ ነው የማከብረው። ያኔም ስልሳ ዘጠኝ ይሁንልን ትላላችሁ።" ከዚያ አቀርቅራ ጨመረች፤ "አባዬ፣ አንተ መቼ ነው የምትወርደው?"

ካፒቴኑ ናፕኪኑን ወርውሮ ተነሳ፤ ከቤት ሲወጣም ካርዱን ሳያነብ ወጣ። ይህ በትዳሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

የሄደው እህቱ ጋ ነው። እህትየው የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች አምስት ዓመቷ ነው። ታዝንልኛለች ብሎ የሄደ ሰው ከእሷ ቤት ተሰድቦ ነው የሚወጣው፤ ግን ሌላ የት ይሂድ?

"እትዬ፣ ወረቀቱን እንናገር ይሆን?" አላት። "ሕጉ ካልጸደቀ እውነቱን ተናግሬ ሁለት ዓመቴን አስመልሳለሁ።"

እህትየው መነጽሯን አውልቃ አየችው። "አንተ! ስትገባ በእኔ ዕድሜ ተጣድፈህ ገባህ፤ አሁን ውጣ ስትባል ልጅ ነኝ ትላለህ? የልደቴን አበባ እንኳ አርባ ዓመት ሙሉ ለአንተ ነው የሚልኩት።"

"እኔ እኮ ገና..."

"ሰማሁ፣ ገና ነህ። ጡረታ የወጣሁ ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ለባብሼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘሁ። ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት 'እንደምን አደሩ' ያለኝ ሰው! በዚህ መንገድ ሳልፍ ነው ብዬ ዋሸሁትና መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይኸው አልሞትኩም።" መነጽሯን መልሳ አደረገች። "ለመሆኑ መጋረጃው እንዴት ሆነ? ሚስትህ ነግራኛለች።"

"ማብሪያው ነው" አለ።

"እኔ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት" አለች እህቱ። "አንተ በእውነተኛ ዕድሜህ ነው ምድጃ የረሳኸው። ስልሳ ሁለት በለው ስልሳ አራት፣ መጋረጃው ቁጥር አይጠይቅም።"

የኮሚቴው ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አውሮፕላን ለማብረር የዕድሜ ጣሪያ አለ፣ ሕግ ለማውጣት ግን የለም፤ ሕግ ሲያወጡ ማረፊያ ሜዳውን ማየት ግዴታ አይደለምና። ከኋላ የታዳሚዎች ወንበር አለ፤ ሚስትየውና እህትየው ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ልጅቱ ተናገረች። የደንብ ልብሷን ለብሳለች። አባቷን "ካፒቴኑ" እና "እሳቸው" እያለች ነው የምትጠራው።

"እኚህ ሰው አይችሉም ነው የምትይው?" አላት ሰብሳቢው።

"ይችላሉ። እኔ የምችለውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

"ታዲያ?"

"የሚችል ሰው ማቆም ያለበት ቀን ሲመጣ ማን ይንገረው? እሱ ራሱ አይናገርም። የሥራ ባልደረባው ያፍራል። ቤተሰቡ አይደፍርም። ስለዚህ ሕጉ ይንገረው ብለን ነው።"

ተቀመጠች። ተራው የካፒቴኑ ሆነ። የሦስት ገጽ ንግግር ይዟል፤ ከንግግሩ በፊት ግን የኮሚቴው ጸሐፊ ከቅጽ ላይ ጥያቄ ታነብለታለች ተባለ። ደስ አለው። ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ቤቱ ነው።

"ስም?" ስሙን ተናገረ።

"ዕድሜ?"

"ስልሳ አራት ዓመት ከአስራ አንድ ወር።"

"የማየት ችሎታ?"

"ሙሉ።"

"የደም ግፊት?"

"ደህና።"

"ባለፉት ስድስት ወራት የፈጸሙት የሥራ ስህተት?"

"የለም።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገብቶ፣ አዳራሹን ዞሮ፣ ወደ ራሱ ጆሮ ተመለሰ። ያን ጊዜ ካፒቴኑ ድምፁን አወቀው። "ተዘግቷል" ያለው አፍ ነው። "ወርዷል" ያለውም እሱው ነው። ዓይኑ ሳያይ፣ እጁ ሳይነካ፣ ከንፈሩ ብቻውን ሥራውን ይዞ እየሄደ ነው። ላብ አጠመቀው። ዞር ሲል ልጁ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እነሱኑ ታያለች፤ ያፈረችው በእሱ ይሁን በራሷ መለየት አልቻለም።

ጸሐፊዋ ቀጣዩን ልታነብ ስትል እጁን አነሳ። በሥራው አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፤ ዝርዝር ከተጠራጠርክ ካቆምክበት አትቀጥልም፣ ከላይ ነው የምትጀምረው።

"ይቅርታ" አለ ጸሐፊዋን። "ከላይ ይጀምሩልኝ።"

"ለምን?" አለ ሰብሳቢው። "ጥሩ እየሄደ ነው እኮ።"

"ጥሩ እየሄደ ስለሆነ ነው" አለ ካፒቴኑ፣ በዚያ በረጋ ድምፁ።

ልጅቱ ቀና አለች። ሚስቱ ከኋላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች።

"ስም?" ስሙን ተናገረ።

"ዕድሜ?"

ካፒቴኑ ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን አየ። "ስልሳ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር።"

"እዚህ ስልሳ አራት ነው የሚለው።"

"እሱ የእህቴ ነው።"

"የእኔ ነው!" አለች እህትየው ከኋላ ብድግ ብላ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ደበደበ።

"የማየት ችሎታ?"

"ከሩቅ ሙሉ። ከቅርብ በመነጽር።"

"የደም ግፊት?"

"ጠዋት ደህና ነበር። አሁን አላውቅም።"

"የሥራ ስህተት?"

"አንድ። ጎማ ሳይወርድ ወርዷል ብያለሁ፤ በሲሙሌተር ነው። አንድ ምድጃም አለ፣ ቅጹ ላይ ቦታ ካለው።"

ሰብሳቢው መነጽሩን ጠረገ። "ታዲያ ካፒቴን፣ አሁን የሚጠይቁን ምንድን ነው?"

"ሁለት ዓመት ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። የራሴም ነበሩ" አለ ካፒቴኑ። "ግን አፌ ቀድሞኝ ጡረታ ወጥቷል። እኔም ልከተለው።" ሦስቱን ገጽ አጥፎ ኪሱ ከተተና ተቀመጠ።

ረቂቁ "ለተጨማሪ ጥናት" ተመለሰ፤ ኮሚቴ ሬሳ የሚቀብረው እንዲህ ነው። አስሩ አንጋፋ ካፒቴኖች ሰላምታ ነሱት። የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ጭንቅ ያዘው፤ ወረቀቱ ውሸት ነው ከተባለ አርባ ሰባት ዓመት ያበረረው ማን ሊባል ነው? ብዙ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ እውነቱን ትተው ውሸቱን አጸኑት። ካፒቴኑ በወረቀቱ መሠረት፣ በእህቱ የልደት ቀን ተሰናበተ። ክንፉ የተንጋደደ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሸለሙት። የኬኩን ሻማ እፍ ያለችው እህቱ ናት፤ "አንድ ጊዜ እንኳ ተዉልኝ" ብላ።

ቀላል አልሆነለትም። የደንብ ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሰቅል ፊቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ አልቅሷል፤ ለምን ይዋሻል። ከዚያ ለሚስቱ የወጥ ቤት ዝርዝር አወጣላት፤ ሚስቱ ዝርዝሩን ምድጃው ላይ አቃጠለችው። ማብሪያውንም ዘግታ፣ አይታ፣ ነክታ አሳየችው።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ልጅቱ ከክፍሏ ወጣች። እጅጌዋ ላይ የካፒቴን አራት መስመር አለ። ከዛሬ ጀምሮ የምትቀመጠው በግራ ነው። እናቷ ቀድማ ደረጃውን ወርዳለች፣ አየር መንገዱ የላከው መኪና ታች ቆሟል። ካፒቴኑ በፒጃማው፣ ነጠላ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል።

"አባዬ፣ አንብብልኝ" አለች ልጅቱ፣ መስታወቱ ፊት ባርኔጣዋን እያስተካከለች።

መነጽሩን አደረገና ካርዱን ያዘ። "መስኮት?"

"ተዘግቷል።"

"ጋዝ?"

"ተዘግቷል።"

ታች መኪናው ጥሩንባ ነፋ። ልጅቱ ባርኔጣዋን አቀናች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ቀጣዩን ጠበቀች። ቀጣዩ አልመጣም።

"ጋዝ?" አለ ካፒቴኑ እንደገና፣ በጣም በረጋ ድምፅ።

ልጅቱ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወጥ ቤት ገባች።

"ተዘግቷል፣ አባዬ" አለች ከዚያው ሆና፤ እጇ ማብሪያው ላይ ነው።

"ቁልፍ?" አለ።